የማይታወቀውን ነፋስ መግራት፦ ጽኑ የቁጥጥር ዘዴዎች በተለዋዋጭ ፍጥነት የነፋስ ተርባይኖች

መግቢያ

በምዕራብ አዲስ አበባ፣ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ የሚገኘው የዘነበወርቅ ሰፈር ስሙን የወሰደው ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ከልዕልት ዘነበወርቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 የተቋቋመው የአለርት ማዕከልና እ.ኤ.አ. በ1970 የተመሠረተው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት የሚገኙት በዚሁ ሰፈር ነው። የቀዶ ሕክምና ክፍልና የምርምር ቤተ ሙከራ ባሉበት ስፍራ ኤሌክትሪክ የምቾት ጉዳይ ብቻ ሊሆን አይችልም፤ የኃይል መቋረጥ ወይም የቮልቴጅ መዋዠቅ ቀዶ ሕክምናን ሊያስተጓጉል፣ በማቀዝቀዣ የተቀመጠን ናሙና ሊያበላሽ ይችላል።

በጥር ወር ከሰዓት በኋላ በዚሁ ሰፈር የቆመ ሰው ነፋሱን ልብ ሊለው ይችላል። የባሕር ዛፉ ጫፍ ይጎነበሳል፤ የቆርቆሮው ክዳን ይንኳኳል፤ አቧራው ከመንገዱ ዳር ይነሣል፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ደግሞ ሁሉም ፀጥ ይላል። ከዚህ ወደ ደቡብ ምሥራቅ አንድ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ በአዳማ ኮረብቶች ላይ፣ እንዲህ ያለው የበጋ ነፋስ ግዙፍ ክንፎችን እያሽከረከረ ወደ አገሪቱ የኤሌክትሪክ መረብ ኃይል ይልካል። ነፋሱ እንደ ፈቀደው ይነሣል፣ ይወድቃል፤ በመረቡ ጫፍ ያለው ማቀዝቀዣ ግን ያለማቋረጥ መሥራት አለበት። በሁለቱ መካከል ካሉት የምሕንድስና ሥራዎች አንዱና ዋነኛው የቁጥጥር ሳይንስ ነው።

ነፋስን ለሥራ ማዋል ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። ገበሬው በአውድማ ላይ ምርቱን በመንሽ ወደ ላይ ሲበትነው ነፋሱ ገለባውን ወስዶ እህሉን ይተውለታል። ነፋሱ ሲበረታ ዝቅ አድርጎ፣ ሲለዝብ ከፍ አድርጎ ይበትናል፤ አቅጣጫው ሲለወጥ አቋቋሙን ይለውጣል። የነፋሱን ፍጥነት በቁጥር አያውቀውም፤ ነገር ግን እህሉ የት እንደ ወደቀ አይቶ እጁን ያርማል። ውጤትን እያዩ ድርጊትን የማረም ሥራ በሳይንሱ ቋንቋ ግብረ መልስ ይባላል። ገበሬው የሚሠራው በትክክል በማያውቀው ነፋስ ነው፤ ሥራው ግን ይሳካለታል።

የዚህ ጽሑፍ ጥያቄም ይኸው ነው። የምንቆጣጠረውን ነገር በትክክል ሳናውቀው በእርግጠኝነት ልንቆጣጠረው እንችላለን ወይ? ጽኑ ቁጥጥር የሚባለው የሳይንስ ዘርፍ ለዚህ ጥያቄ የሰጠውን መልስ፣ በአገራችን የነፋስ ተርባይኖች ላይ ተመሥርተን ከዚህ በታች እንመለከታለን።

ነፋሱ የያዘው ኃይል

የአዳማ አንድ የነፋስ ኃይል ማመንጫ ሥራ የጀመረው በ2004 ዓ.ም. ነው። እያንዳንዳቸው 1.5 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያላቸው 34 ተርባይኖች ስላሉት በጠቅላላው 51 ሜጋ ዋት አቅም አለው። በመቀሌ አቅራቢያ የተሠራውና 120 ሜጋ ዋት አቅም የነበረው የአሸጎዳ ማመንጫ በጥቅምት 2006 ዓ.ም. ተመረቀ። በ2007 ዓ.ም. የተመረቀው አዳማ ሁለት ደግሞ 102 ተርባይኖችና 153 ሜጋ ዋት አቅም ይዞ መጣ። ከእነዚህ በኋላ በሶማሌ ክልል በአይሻና በአሰላ አቅራቢያ በኢተያ ሌሎች ፕሮጀክቶች ተከትለዋል።

በአዳማ አንድ የተተከሉት የጎልድዊንድ ሥሪት ተርባይኖች ናቸው። ሦስቱ ክንፎች ሲዞሩ የሚያካልሉት ክብ 77 ሜትር ዲያሜትር አለው፤ ስፋቱም 4,660 ካሬ ሜትር ያህል ነው። በዚህ ክብ ውስጥ የሚያልፈው ነፋስ የሚይዘው ኃይል በሚከተለው ቀመር ይሰላል፦

ኃይል = ½ × የአየር እፍግታ × የክቡ ስፋት × የነፋስ ፍጥነት ሦስተኛ ርቢ

የአየር እፍግታ ማለት በአንድ ሜትር ኩብ ውስጥ ያለው የአየር መጠነ ቁስ ነው። በቀመሩ ውስጥ ትኩረት የሚያሻው ሦስተኛው ርቢ ነው። የነፋሱ ፍጥነት በሰከንድ ከ8 ሜትር ወደ 10 ሜትር ቢያድግ ጭማሪው ሩብ ብቻ ነው፤ ኃይሉ ግን ወደ እጥፍ ይጠጋል። አንድ ነፋስ ድንገት ሲበረታ በማማው ራስ ላይ የሚደርሰው ለውጥ በጆሯችን ከምንሰማው እጅግ የበለጠ መሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ይህን ኃይል በሙሉ መያዝ አይቻልም። ክንፎቹ የነፋሱን ኃይል በሙሉ ቢወስዱት አየሩ ከኋላቸው ስለሚቆም አዲስ አየር ሊያልፍ አይችልም። ጀርመናዊው ሳይንቲስት አልበርት ቤትስ እ.ኤ.አ. በ1919 ከፍተኛው ሊያዝ የሚችለው ድርሻ 59.3 በመቶ መሆኑን አሳየ። ዘመናዊ ተርባይኖች በተግባር 45 በመቶ ገደማ ይደርሳሉ። እዚህ ድርሻ ላይ መቆየት ግን በራሱ የሚሆን ነገር አይደለም።

ፍጥነትን መለወጥ ለምን አስፈለገ?

ክንፎቹ ለነፋሱ ፍጥነት ተመጣጣኝ በሆነ ፍጥነት መዞር አለባቸው። እጅግ በዝግታ ቢዞሩ አብዛኛው ነፋስ በክንፎቹ መካከል ሳይነካ ያልፋል፤ እጅግ በፍጥነት ቢዞሩ ደግሞ እንደ ግድግዳ ሆነው ነፋሱን ወደ ጎን ይገፉታል። የክንፉ ጫፍ ፍጥነት ለነፋሱ ፍጥነት ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር የጫፍ ፍጥነት ምጣኔ ይባላል። እያንዳንዱ የክንፍ ቅርጽ ብዙ ኃይል የሚይዝበት አንድ ምጣኔ አለው።

ለምሳሌ ያህል ምርጡ ምጣኔ 8 ነው እንበል። በሰከንድ 8 ሜትር በሚነፍስ ነፋስ የክንፉ ጫፍ በሰከንድ 64 ሜትር፣ ማለትም በሰዓት 230 ኪሎ ሜትር ያህል መጓዝ አለበት። 77 ሜትር ዲያሜትር ላለው ተርባይን ይህ በደቂቃ 16 ዙር ገደማ ነው። ነፋሱ ወደ 6 ሜትር በሰከንድ ሲወርድ ምርጡ ፍጥነት በደቂቃ 12 ዙር ያህል ይሆናል። ስለዚህ ተርባይኑ ነፋሱን እየተከተለ ፍጥነቱን መለወጥ ይኖርበታል።

ቀደም ባሉት ዘመናት የተለመዱት ተርባይኖች ይህን ማድረግ አይችሉም ነበር። ጄኔሬተራቸው በቀጥታ ከኤሌክትሪክ መረቡ ጋር ስለሚያያዝ የመረቡ ድግግሞሽ የክንፎቹን ፍጥነት ይወስነው ነበር። በተለዋዋጭ ፍጥነት ተርባይን ግን በጄኔሬተሩና በመረቡ መካከል ኤሌክትሮኒክ ኮንቨርተር ይገባል። ኮንቨርተሩ በተለያየ ድግግሞሽ የመጣውን ኤሌክትሪክ ተቀብሎ፣ በአገራችን መረብ በሚፈለገው 50 ኸርዝ አስተካክሎ ይልከዋል። በአዳማ አንድ የሚገኙት ተርባይኖች ካምቢዮ የላቸውም፤ ክንፎቹ ትልቅ ቋሚ ማግኔት ያለውን ጄኔሬተር በቀጥታ ያሽከረክሩታል፤ የሚመነጨውም ኃይል በሙሉ በኮንቨርተሩ ያልፋል።

ኮንቨርተሩ ሌላም ጥቅም አለው። ጄኔሬተሩ ክንፎቹን ምን ያህል አጥብቆ እንዲይዛቸው፣ ማለትም የሚቃወማቸውን የማሽከርከር ጉልበት (ቶርክ) ለመወሰን ያስችላል። የተለመደው ሕግ በጣም ቀላል ነው፦

የጄኔሬተሩ ቶርክ = ቋሚ ቁጥር × የመዞሪያ ፍጥነት ካሬ

ነፋሱ ሲበረታ የክንፎቹ ቶርክ ከጄኔሬተሩ ስለሚበልጥ ሮተሩ ይፈጥናል፤ ሲፈጥን የጄኔሬተሩ ቶርክ ያድግና ሁለቱ እንደገና ይተካከላሉ። ነፋሱ ሲለዝብ ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል። ቋሚው ቁጥር በትክክል ከተመረጠ ሚዛኑ የሚያርፈው በምርጡ ምጣኔ ላይ ነው፤ የነፋስ መለኪያ እንኳ አያስፈልግም። ነፋሱ ተርባይኑ ከተሠራለት ኃይል በላይ ሲሆን ደግሞ ክንፎቹ በገዛ ዘንጋቸው ላይ ጥቂት እየዞሩ ትርፉን ነፋስ ያሳልፋሉ።

ሕጉ ቀላልና ያማረ ነው፤ ችግሩ ያለው «በትክክል ከተመረጠ» በሚለው ቃል ላይ ነው።

የደጋ አየርና የቋሚው ቁጥር ፈተና

በሕጉ ውስጥ ያለው ቋሚ ቁጥር የሚሰላው ከክንፉ ርዝመት፣ ከክንፉ ብቃት፣ ከምርጡ ምጣኔና ከአየሩ እፍግታ ነው። በባሕር ጠለል ላይ የአየር መደበኛ እፍግታ በሜትር ኩብ 1.225 ኪሎ ግራም ነው። የአዳማ ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ ማማዎቹ የቆሙት ደግሞ ከከተማዋ በላይ ባሉት ኮረብቶች ላይ ነው። በዚያ ከፍታ የአየሩ እፍግታ 0.97 ኪሎ ግራም አካባቢ ነው፤ ከባሕር ጠለሉ በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። በአዲስ አበባ ከፍታ ደግሞ ቅናሹ ወደ ሩብ ይደርሳል።

ይህ ልዩነት ምን ያስከትላል? በመጀመሪያ፣ በሰከንድ 8 ሜትር የሚነፍሰው ነፋስ በ77 ሜትሩ ክብ ውስጥ በባሕር ጠለል ላይ 1.46 ሜጋ ዋት ሲይዝ በአዳማ ኮረብታ የሚይዘው 1.16 ሜጋ ዋት ብቻ ነው። ተርባይኑ 1.5 ሜጋ ዋት ለማመንጨት በባሕር ጠለል ከሚያስፈልገው 8 በመቶ ያህል የበለጠ ፈጣን ነፋስ ይሻል። ይህ የተፈጥሮ ጉዳይ ስለሆነ ቁጥጥር ሊለውጠው አይችልም።

ሁለተኛው ግን የቁጥጥር ጉዳይ ነው። መሐንዲሱ ቋሚውን ቁጥር በባሕር ጠለል አየር አስልቶ ሳያርመው ቢተወው ቁጥሩ ለአዳማ በሩብ ያህል ይበዛል። ጄኔሬተሩ ክንፎቹን ከሚገባው በላይ አጥብቆ ስለሚይዛቸው ሚዛኑ ከምርጡ ምጣኔ 7 በመቶ ያህል ዝቅ ብሎ ያርፋል። በዚህ የሚጠፋው ኃይል እንደ ክንፉ ቅርጽ ይለያያል። አንድ በመቶ ብቻ ነው ብንል እንኳ፣ ከ34 ተርባይኖች የአንዱ ሲሶ ሥራ ፈትቶ እንደ ቆመ ይቆጠራል።

በእርግጥ ከፍታው የታወቀ በመሆኑ ቁጥሩን አስቀድሞ ማረም ይቻላል። ነገር ግን ከፍታው ቢታወቅም አየሩ አንድ ዓይነት ሆኖ አይውልም። ሙቀቱ ጎሕ ሲቀድ 10 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ቀትር ላይ 28 ዲግሪ ቢሆን የአየሩ እፍግታ በዚያው ቀን ውስጥ በ6 በመቶ ይቀንሳል። የበጋው አቧራና ተጋጭተው የሚሞቱ ነፍሳት በክንፉ ጠርዝ ላይ ሲከማቹ የክንፉ ብቃት ይለወጣል። ዓመታት ባለፉ ቁጥር የክንፉ ጠርዝ ይሻክራል። የማማው የመወዛወዝ ድግግሞሽም ከመሠረቱ አፈር ጋር ይያያዛል። በደቂቃ 16 ዙር በሚዞር ባለሦስት ክንፍ ተርባይን ላይ በየደቂቃው 48 ጊዜ አንድ ክንፍ በማማው ፊት ያልፋል፤ ይህ ምት ከማማው ተፈጥሯዊ መወዛወዝ ጋር ከገጠመ ማማውን ቀስ በቀስ ያደክመዋል።

እንግዲህ ቋሚ ያልነው ቁጥር በእውነቱ አንድ ቁጥር አይደለም፤ በዝቅተኛና በከፍተኛ ወሰን መካከል የሚዋልል ነው። ስለ ማማው፣ ስለ ክንፉና ስለ ጄኔሬተሩ በሒሳባዊ ሞዴላችን የጻፍናቸው ሌሎች ቁጥሮችም እንደዚሁ ናቸው።

ከዋት መቆጣጠሪያ እስከ ጽኑ ቁጥጥር

ጄምስ ዋት እ.ኤ.አ. በ1788 በእንፋሎት ሞተር ላይ የገጠመው ባለ ሁለት ኳስ የፍጥነት መቆጣጠሪያ ለግብረ መልስ ታዋቂ ምሳሌ ነው። ሞተሩ ሲፈጥን ኳሶቹ ወደ ውጭ ይከፈቱና የእንፋሎቱን መግቢያ ያጠባሉ። ይሁን እንጂ እንዲህ ያሉ መቆጣጠሪያዎች አንዳንዶቹ ሞተሩን ከማረጋጋት ይልቅ ያወዛውዙት ነበር። ጄምስ ክለርክ ማክስዌል እ.ኤ.አ. በ1868 የችግሩን መነሻ በሒሳብ መረመረ። ግብረ መልስ በትክክል ካልተመጠነ ራሱ የመናወጥ ምንጭ እንደሚሆን ከዚያ ጊዜ ጀምሮ በሒሳብ ሊታወቅ ቻለ።

በሃያኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ የተነሡት ሳይንቲስቶች ከሁሉ የተሻለውን ቁጥጥር በሒሳብ ማስላት ቻሉ። ሞዴሉ ትክክል እስከ ሆነ ድረስ ከዚህ ቁጥጥር የሚበልጥ አይገኝም ነበር። አሜሪካዊው ጆን ዶይል ግን እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተመው አጭር ጽሑፍ፣ ምርጥ የሚባለው ይህ ቁጥጥር ሞዴሉ በጥቂቱ እንኳ ሲሳሳት መረጋጋቱን ሊያጣ እንደሚችል በምሳሌ አሳየ። ለስሕተት ዋስትና የሚሆን ምንም የተረጋገጠ ኅዳግ አልነበረውም።

ይህን በዕለት ኑሯችን እናስበው። ከዘነበወርቅ ወደ አየር ጤና የሚሄድ የሚኒባስ ሾፌር አለ እንበል። ባዶ መኪና ብቻ የነዳ ሰው ፍሬኑን ምን ያህል መርገጥ እንዳለበት በትክክል ለምዶ ይሆናል። መኪናው ሞልቶ፣ መንገዱ ረጥቦ በቁልቁለት ሲወርድ ግን ያው ልማዱ አደጋ ያስከትላል። ልምድ ያለው ሾፌር የተሳፋሪውን ክብደት አይመዝንም፤ ቢሞላም ባይሞላም፣ ቢዘንብም ባይዘንብም በሰላም የሚያቆመውን ርቀት ጠብቆ ይነዳል። ባዶ መኪና ሲነዳ ከሚቻለው ጥቂት ቀርፋፋ ሊሆን ይችላል፤ በዚህ ፋንታ ግን በማናቸውም ሁኔታ አይወድቅም።

ጽኑ ቁጥጥር የሁለተኛው ሾፌር ጥበብ ነው። የተለመደው ንድፍ «ሞዴላችን ትክክል ቢሆን ቁጥጥሩ ምን ያህል ጥሩ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ጽኑ ቁጥጥር ደግሞ «ሳይወድቅ ምን ያህል ልንሳሳት እንችላለን?» ብሎ ይጠይቃል። የሚነደፈውም ለአንድ ተርባይን ሳይሆን ሊኖሩ ለሚችሉ ተርባይኖች ስብስብ ነው፦ ለጎሑና ለቀትሩ አየር፣ ለንጹሑና ለአቧራማው ክንፍ፣ ለጠንካራውና ለለስላሳው መሠረት።

የድምፅ ማጉያው ጩኸትና ኤች-ኢንፊኒቲ

የዚህን ንድፍ ሒሳባዊ መሠረት በቀላሉ ለመረዳት በስብሰባ አዳራሽ ወይም በሠርግ ድንኳን ውስጥ የሚሰማውን የድምፅ ማጉያ ጩኸት እናስታውስ። ከማጉያው የወጣው ድምፅ ወደ ማይክሮፎኑ ተመልሶ ይገባል፤ እንደገና ይጎላል፤ እንደገና ይመለሳል። አንድ ዙር ሲዞር የተመለሰው ከተላከው ካነሰ ድምፁ ይሞታል። ከበለጠ ግን እየገዘፈ ሄዶ ጆሮ የሚሰነጥቅ ጩኸት ይሆናል። ጩኸቱን ለማስቀረት በአዳራሹ ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን ግድግዳ መለካት አያስፈልግም፤ አዳራሹ ሊመልስ የሚችለው ከፍተኛው መጠን ከታወቀ ማጉያውን ከዚያ አንጻር ዝቅ ማድረግ ይበቃል።

ጆርጅ ዜምስ እ.ኤ.አ. በ1966 ባቀረበው መርሖ ይህንኑ በሒሳብ አረጋገጠ። በዙሩ ውስጥ ያሉት ማጉላቶች ብዜት ከአንድ ካነሰ ሥርዓቱ የተረጋጋ ነው። በተርባይን ላይ ሲተረጎም፣ የማናውቀው ነገር ሁሉ (የእፍግታው ለውጥ፣ የክንፉ እርጅና፣ በሞዴሉ ያልገባው የማማ መወዛወዝ) እንደ አዳራሹ ግድግዳ ይቆጠራል። በዝርዝር ባናውቀውም ከዚህ መጠን አይበልጥም ብለን ወሰን ልናበጅለት እንችላለን። ቀሪው ሥራ ከዚያ ወሰን ጋር ተባዝቶ ከአንድ በታች የሚሆን ቁጥጥር መንደፍ ነው።

ይኸው ዜምስ እ.ኤ.አ. በ1981 ችግሩን ኤች-ኢንፊኒቲ በሚባለው የሒሳብ ቋንቋ አቀረበው። ስሙ ቢያስፈራም ሐሳቡ ቀላል ነው። አንድ ሥርዓት በእያንዳንዱ ድግግሞሽ የሚመጣበትን ረብሻ በተለያየ መጠን ያጎላል፤ ከእነዚህ ማጉላቶች ሁሉ ትልቁ የኤች-ኢንፊኒቲ ልኬት ይባላል። ዘዴው ይህን ትልቁን ማጉላት በተቻለ መጠን ዝቅ ያደርጋል። እ.ኤ.አ. በ1989 ዶይል፣ ግሎቨር፣ ካርጎኔካርና ፍራንሲስ ያሳተሙት ሥራ መፍትሔውን በኮምፒዩተር በቀጥታ ለማስላት የሚያስችል መንገድ ከፈተ።

ለነፋስ ተርባይን ይህ ዘዴ የተለየ ጥቅም አለው። መሐንዲሱ በየድግግሞሹ የተለያየ ትኩረት ሊሰጥ ይችላል። በዝግታ ለሚለዋወጠው ነፋስ፣ ፍጥነቱ በሚገባ እንዲታረም ያዛል። የክንፎቹ ምትና የማማው መወዛወዝ ባሉበት ድግግሞሽ ዙሪያ ግን መቆጣጠሪያው እጁን እንዲሰበስብ ወይም መወዛወዙን እንዲያበርድ ያዛል። የኃይል መጠንንና የማማውን ዕድሜ በአንድ ስሌት ማመዛዘን የሚቻለው በዚህ መንገድ ነው።

የገበሬው ትልምና የሸርተቴ ቁጥጥር

ሁለተኛው ታዋቂ ዘዴ የተወለደው በቀድሞዋ ሶቪየት ኅብረት ነው። ከ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሜሊያኖቭ፣ በኋላም ኡትኪን ያዳበሩት ይህ ዘዴ የሸርተቴ ቁጥጥር ሊባል ይችላል። የሚያርስ ገበሬን እናስብ። በሬዎቹ ወደ ቀኝ ሲያዘነብሉ እርፉን ይዞ ወደ ግራ ይመልሳቸዋል፤ ወደ ግራ ሲያዘነብሉ ወደ ቀኝ። አፈሩ እዚህ ይከብዳል፣ እዚያ ይቀላል፤ ሥር ወይም ድንጋይ ያጋጥማል። ገበሬው ይህን ሁሉ አስቀድሞ አያሰላም። የሚያውቀው ሁለት ነገር ነው፦ ትልሙ የት እንዳለና ከትልሙ በየትኛው ወገን እንደ ወጣ። የመመለሻው ጉልበት አፈሩ ከሚያደርሰው ግፊት እስከ በለጠ ድረስ ማረሻው ትልሙን አይለቅም።

በተርባይኑ ላይ ትልሙ የምንፈልገው የመዞሪያ ፍጥነት ነው። ፍጥነቱ ከዚያ ከፍ ካለ የጄኔሬተሩ ቶርክ እንዲጨምር፣ ዝቅ ካለ እንዲቀንስ ይታዘዛል። የአየሩ እፍግታ ወይም የክንፉ ብቃት በትክክል ባይታወቅም፣ ከፍተኛ ወሰናቸው ከታወቀና የቁጥጥሩ ጉልበት ያንን የሚበልጥ ከሆነ ሥርዓቱ ወደ ትልሙ ተመልሶ በእርሱ ላይ ይንሸራተታል።

የዚህ ዘዴ ድክመት ግልጽ ነው። ትዕዛዙ ያለማቋረጥ ከጫፍ ወደ ጫፍ ሲገለባበጥ ሥርዓቱ ይንቀጠቀጣል። በሰከንድ ሺህ ጊዜ ለሚበራና ለሚጠፋ የኮንቨርተር ኤሌክትሮኒክስ ይህ የተለመደ ሥራ ሊሆን ይችላል። ብዙ ቶን የሚመዝኑትን ክንፎች የሚያዞረው መሣሪያ ግን እንዲህ ቢንቀጠቀጥ በአጭር ጊዜ ያረጃል። ችግሩን ለማቃለል እ.ኤ.አ. በ1993 በአርዬ ሌቫንት የታተመው የተሻሻለ ዘዴ፣ መገለባበጡን በቀጥታ በትዕዛዙ ላይ ሳይሆን በትዕዛዙ የለውጥ መጠን ላይ ያኖረዋል። በዚህም ትዕዛዙ ራሱ ሳይቆራረጥ ይፈሳል፤ ጽናቱም ይጠበቃል። በነፋስ ተርባይኖች ላይ የሚደረጉ በርካታ ምርምሮች በዚህ ዘዴ ላይ ያተኮሩ ናቸው።

ከሁለቱ የሚለየው ሦስተኛው መንገድ ተማሪ ወይም ተላማጅ ቁጥጥር ነው። እርሱ ቋሚውን ቁጥር በየጊዜው ጥቂት ከፍና ዝቅ እያደረገ የተገኘውን ኃይል ይመዝንና የተሻለውን ይይዛል። አዝጋሚ ለሆነው የክንፍ እርጅና ይስማማል፤ ድንገት ለሚነሣው ነፋስ ግን ለመማር ጊዜ ስለማያገኝ ከጽኑ ቁጥጥር ጋር ተጣምሮ ቢሠራ ይመረጣል።

የጽናት ዋጋ

ከዚህ በላይ ያልነው ሁሉ ጽኑ ቁጥጥር ነፃ ስጦታ ነው የሚል ግንዛቤ እንዳያሳድር ዋጋውን መናገር ይገባል። ሄንድሪክ ቦዴ እ.ኤ.አ. በ1945 ባሳተመው መጽሐፍ ያቀረበው ሕግ፣ ግብረ መልስ ረብሻን በአንድ ድግግሞሽ ሲቀንስ በሌላ ድግግሞሽ ማጉላቱ እንደማይቀር ያስረዳል። አፉ የታሰረ፣ አየር የተነፋ ስልቻን በአንድ ወገን ብንጫነው በሌላው ወገን ያብጣል። የመሐንዲሱ ጥበብ እብጠቱን ማጥፋት አይደለም፤ ጉዳት በማያደርስበት ቦታ ማኖር ነው።

ሁለተኛው ዋጋ ከመጠን ያለፈ ጥንቃቄ ነው። ስለ ተርባይኑ የምናውቀው ጥቂት ከሆነ ወሰኑን እጅግ አስፍተን እንነድፋለን፤ ቁጥጥሩም ዘወትር ለክፉ ቀን እንደ ሰጋ ይኖራልና በመልካሙ ቀን ሊያገኝ የሚችለውን ኃይል ይተዋል። ስለዚህ ጽኑ ቁጥጥር መለካትን አያስቀርም። የቦታውን አየር፣ የአቧራውን መጠን፣ የነፋሱን ባሕርይ በሚገባ ያጠና መሐንዲስ ወሰኑን ማጥበብ ይችላል፤ ወሰኑ በጠበበ መጠንም የሚገኘው ኃይል ይጨምራል።

በኢንዱስትሪው ዘንድ እስከ ዛሬ በስፋት የሚሠራበት በስሕተቱ መጠንና በስሕተቱ ድምር ላይ የተመሠረተው የተለመደ ቁጥጥር ሲሆን፣ ቁጥሮቹ እንደ ነፋሱ ብርታት እንዲለዋወጡ ይደረጋል። ቀላል ነው፤ በቦታው ያለው ባለሙያም ይረዳዋል። ጽኑ ቁጥጥር ይህን ሁልጊዜ ይተካዋል ማለት አይደለም። የተመረጡት ቁጥሮች ምን ያህል ስሕተት እንደሚችሉ ለመመርመርም ያው ሒሳብ ያገለግላል፤ ይህ ደግሞ አዲስ መሣሪያ ሳይገዛ ሊሠራ የሚችል ሥራ ነው።

ወደ ዘነበወርቅ ስንመለስ

የአገራችን ኤሌክትሪክ በአብዛኛው የሚመነጨው ከውኃ ነው። የወንዞቻችን ውኃ በሚቀንስበት በበጋ፣ ገበሬው ምርቱን ለነፋስ በሚበትንበት ወቅት፣ ነፋሱ ይበረታል። በክረምት ነፋሱ ሲለዝብ ግድቦቹ ይሞላሉ። ውኃና ነፋስ እንዲህ ተራ ገብተው ሊያገለግሉን የሚችሉት ግን፣ በየሰከንዱ የሚለዋወጠው ነፋስ መረቡን ሳያናውጥ መግባት ሲችል ነው። በዘነበወርቅ ያለው የቤተ ሙከራ ማቀዝቀዣም የአዳማ ነፋስ መነሣትና መውደቅ እንዳይሰማው ከሚያደርጉት ነገሮች አንዱ፣ በተርባይኑ ላይ ባለ ትንሽ ኮምፒዩተር ውስጥ የተጻፈው የቁጥጥር ሕግ ነው።

ለዚህ ሥራ ጽሑፉን የሚያነቡ ተማሪዎች ዛሬውኑ ሊጀምሩት የሚችሉት ልምምድ አለ። የጄኔሬተሩ ቶርክ ከክንፎቹ ቶርክ ሲቀነስና ውጤቱ ለሮተሩ የመሽከርከር ግትርነት ሲካፈል፣ ፍጥነቱ በየሰከንዱ ምን ያህል እንደሚለወጥ ይገኛል። ይህን አንድ እኩልታ በማናቸውም ኮምፒዩተር ላይ ደረጃ በደረጃ ማስላት ይቻላል። ቋሚውን ቁጥር በ1.225 እፍግታ አስልታችሁ ተርባይኑን በ0.97 አየር አሽከርክሩት። ከዚያም ነፋሱን በድንገት ከፍና ዝቅ አድርጉ፤ የክንፉን ብቃት በ10 በመቶ ቀንሱ፤ ሁለቱን ስሕተቶች በአንድነት አስገቡ። መጀመሪያ የነደፋችሁት ሕግ የት ላይ እንደሚደክም በዓይናችሁ ታያላችሁ።

ተርባይኖቹን ከውጭ ገዝተናል። የደጋውን አየር፣ የበጋውን አቧራና የኮረብታውን ነፋስ በቅርበት የምናውቀው ግን እኛ ነን። ይህን ዕውቀት ወደ ወሰንና ወደ ቁጥር የሚለውጥ ባለሙያ ተርባይኑን ራሱ ባይሠራውም ከእያንዳንዱ ማማ የሚገኘውን ኃይልና የማማውን ዕድሜ ሊጨምር ይችላል። ገበሬው በአውድማው ላይ በእጁ የሚያደርገውን፣ ተማሪው በወረቀቱ ላይ በሒሳብ ሊያደርገው ይችላል።